በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያለፈው ዓሣ

ዝዋይ እዚሁ ቅርባችን ሆኖ ሳለ የቦሌ ሆቴሎች ዓሣ ከባሕር ማዶ ያስመጣሉ። በረዶ ሆኖ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ይመጣና ገርጂ፣ እኔ የምጠብቀው ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል። ከዚያ አስተናጋጁ «ትኩስ ነው» ብሎ ያቀርበዋል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ጠይቄ አላውቅም። ደሞዜ ከዚያ ነው የሚወጣው።

አሠሪዬ ሃያ ሁለት ቢሮ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ እሳቸው የቀጠሩኝም ማንበብ ቻልኩ ብለው ሳይሆን ርካሽ ስለሆንኩ ነው። እኔም የካ አባዶ የቤት ኪራይ ስላለብኝ እሺ አልኩ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከአንድ ዘበኝነት ከወጣ ሌላ አያገኝም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሲያስፈራሩኝ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አያደርጉም።

ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣ በሚፈለግበት ሰሞን። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በዚያው መንገድ ያለ አንድ ቤተሰብ ዐረብ አገር ሲሠራ የነበረ ልጁ ሞቶበት፣ ሬሳው በአውሮፕላን ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እየተባለ ይጠበቅ ነበር። ድንኳኑ ከዚህ ግንብ እስከዚያ ግንብ ተተክሏል። የለቅሶ ድንኳን መንገድ ከዘጋ መንገዱ የለም ማለት ነው። አምቡላንስም ቢሆን ይዞራል።

ሪፈሩን የጫነው መኪና በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆመ። ሪፈር የሚባለው ቤት የሚያክል፣ በጎማ ላይ የተጫነ ፍሪጅ ነው። የራሱ ጄኔሬተር አለው። ጄኔሬተሩ ከጠፋ ግን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነው።

ሹፌሩ የወሎ ሰው ነው። ገና ሳይወርድ በመስኮት፣ «ወንድሜ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ማለቁ ነው። መንገድ ላይ የማደያው ሰልፍ አያስጠጋም፣ አልቀዳሁም። ቶሎ ካላስገባነው የምናወርደው ሾርባ ነው» አለኝ።

ለእትዬ ደወልኩ።

«ድንኳኑን አስነሳ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የለቅሶ ድንኳን ነው።»

«ታዲያ ለዓሣዬ ሌላ ድንኳን ልትከል? ስማ፣ ዓሣው ከሟሟ ነገ እንዳትመጣ።» ዘጉት።

ስልኬን ኪሴ ሳልከት አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከድንኳኑ ወጡና ሹፌሩን ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከባሕር ማዶ ነው፣ እማማ። እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ ወዲህ በኔ።»

«በመርከብ!» ደረታቸውን ያዙ። «በአውሮፕላን አልነበር የተባለው?»

«አውሮፕላን አያዋጣም፣ እማማ።»

«አሁን እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ውስጥ ነው።»

«ቀዝቅዞ?»

«ድንጋይ ሆኗል፣ ወላሂ!»

አሮጊቷ እሪ አሉ። ለቀስተኛው እንዳለ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ሪፈሩን በእጃቸው ይደበድባሉ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘዋል። አልቃሿ ፊት ለፊት ቆማ፣ «አንተ ብቻህን፣ ቤቱ ግን ሰፊ!» ብላ ሙሾውን አወረደችው። ከኋላዬ አንዱ፣ «ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ሳጥን?» ሲል ሌላው፣ «ዐረቦች እኮ ሀብታም ናቸው» ብሎ መለሰለት። ሹፌሩም ምንም ሳይገባው አብሮ ያለቅሳል። ወደኔ ዞሮ እንባውን እየጠረገ፣ «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

የዕድሩ ዳኛ ሕዝቡን በከዘራ እየከፈሉ መጡ። «አንተ የማታ ተማሪ አልነበርክ?» አሉኝ። «ስሙን አንብብልን፤ የኛው መሆኑን እንወቅ።»

በሪፈሩ ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ በፈረንጅ ፊደል ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የአማርኛውን ነው።»

«ታዲያ ምኑን ተማርከው?»

ከዚህ በኋላ ዝም ብዬ ብቆይ ሪፈሩን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። «ጋሼ፣ ውስጥ ያለው ዓሣ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ዓሣ። ለሆቴል የመጣ።»

አንድ ጎረምሳ ኮሌታዬን ጨመደደኝ። «በሟች ትቀልዳለህ አንተ?»

«ድንጋይ ሆኗል አለኝኮ!» አሉ አሮጊቷ።

«ዓሣውን ማለቴ ነው፣ እማማ!» አለ ሹፌሩ። ለቅሶው ግን አልወጣለትም ነበር፤ እየተንሰቀሰቀ ነው የተናገረው።

ያኔ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አደረገውና ጠፋ። እኔ የማስበው የቤት ኪራዬን ነበር። ሰው ልጁን እያለቀሰ ስለ ኪራይ ታስባለህ ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ አስባለሁ።

የሟች እህት ጉንጯን ሪፈሩ ላይ ለጥፋ እንደተቀመጠች ነበር። ተነሣች።

«ክፈተው» አለችኝ።

እሽጉን ቆርጠን ከፈትነው። እንደ ጭስ ያለ ብርድ ወጥቶ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ቆየች።

«እሱም እንዲህ ይበርደዋል?»

ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ነገር ያገኝ ነበር። «ከዚህ ባይብስ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ዳኛው ዞረች። «ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ሳይበላሽ ይግባ።»

«ድንኳን አይነሣም!» አሉ ዳኛው። «ሬሳ ሳይገባ ድንኳን አንሥቶ ዓሣ ያስገባ ዕድር ልንባል ነው?»

«ማን ይነሣ አለ? በውስጡ ይለፍ።»

በውስጡ አለፈ። ለቀስተኛው ከሪፈሩ አፍ ጀምሮ፣ በአግዳሚ ወንበሮቹ መካከል፣ በሟች ፎቶግራፍ ፊት፣ እስከ ማቀዝቀዣው በር ተሰልፎ ካርቶን በካርቶን ተቀባበለ። አልቃሿ ሥራ ላለመፍታት ሙሾዋን ቀጠለች። ዳኛው በከዘራቸው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሳይሟሟ!» ይላሉ። ችግሩ ከወዲያኛው በኩል አዲስ ለቀስተኛ መምጣቱን አለማቆሙ ነው። ወግ ነውና ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፤ ገብቶ ዓይኑን ሳይጠርግ ካርቶን ያስታቅፉታል። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ «ወንድሜን!» እያለ ካርቶኑን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ከእጁ ነጥቄ ነው ያስገባሁት። ዓሣው ከሟሟ እትዬ የሚያባርሩት እሱን አይደለም።

እትዬ የመጨረሻው ካርቶን ሲገባ ደረሱ። ወደ ማቀዝቀዣው ለመድረስ በድንኳኑ ማለፍ አለባቸው፣ በድንኳን ደግሞ ሳይቀመጡ አይታለፍም። ተቀመጡ። የሟች እህት ከአጠገባቸው ነበረች። ማን እንደሆኑ ስትሰማ፣ «የእርስዎስ ደረሰ» አለቻቸው። «የኛ ገና ነው።» እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔ በር ላይ ሆኜ ሳያቸው ነበር፤ የውሸት አይመስልም።

ከዚያ ተነሥተው ገቡና ካርቶን አስከፍተው ዓሣውን በጥፍራቸው መቱት። ጠንካራ ነበር። ምንም አላሉኝም፤ ከሳቸው ይህ ምስጋና ነው። ሲወጡ ዳኛው ጋ ቆሙ።

«ይሄ ዕድር አዲስ አባል ይቀበላል?»

«እዚህ ሰፈር ለሚኖር።»

«ዓሣዬ እዚህ ነው የሚኖረው። ድርጅቱን መዝግቡልኝ፤ ድንኳን ስትተክሉ ቀድመን እንድናውቅ።»

ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡበት። ቀልድ መስሏቸው እንዳልሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል። «ድርጅት ይሞታል እንዴ? የምንቀብረው ማንን ነው?»

እትዬ ወደኔ ጠቆሙ። «እሱን።»

ተስማሙ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ልጁ ከብዙ ምልልስ በኋላ መጣ፤ አባል ነኝና ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ሳጥኑ ጠባብ ነበር። ዛሬም ገርጂ ነው የምሠራው፤ ሞት በተለፈፈ ቁጥር ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጠይቄ ለእትዬ እደውላለሁ።