የአዴር እሳት በሰባተኛው ኪሎ ሜትር

ጅጅጋ ተወልጄ ስላደግሁ ቆላውን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከኮሮናው ማግስት መሥሪያ ቤታችን አዲስ መሣሪያ አስይዞ አይሻ በረሃ ሲልከኝ ግን በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዬ ደማ። የተቀበሉኝ እዚያ የተቀበረው የስልክና የኢንተርኔት ኬብላችን ጠባቂ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ። እንደ አገሩ ልማድ «አዴር» እላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ውኃ እያፈሰሱልኝ፣ «ከተሜ! ገና ሳትሠሪ ደምሽን ለአይሻ ሰጠሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ያኔውኑ ወደድኳቸው።

እኔ ግን የመጣሁት እንጀራቸውን ልዘጋ ነበር። ድሬዳዋ ያለው አለቃዬ በግልጽ ነግሮኛል፤ መሣሪያው ከሠራ በእግሩ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም። አዴርም ያውቃሉ። እያወቁ በየጠዋቱ የፍየል ወተት ያመጡልኛል፤ ይሄ ነበር የሚያናድደኝ።

መሣሪያው በተቀበረው ኬብል ፋይበር፣ ማለትም በቀጭኑ የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ ሲጓዝ ጥቂቱ በየደረሰበት እየተበተነ ወደ ኋላ ይመለሳል። የተመለሰበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል፤ የብርሃኑ ትንሽ መለወጥ ደግሞ ክሩ እዚያ ቦታ መወጠሩን ወይም መሞቁን። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ግን የእኛው መሣሪያ ለብቻው አይለይም፤ መለየቱ የእኔ ሥራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ኬብሉ በደረቁ ወንዝ ዳር በሚያልፍበት በሰባተኛው ኪሎ ሜትር፣ ስክሪኑ ላይ ባለው መስመር ጉብታ ታየ። ማታ ጠፋ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሰ። በዚያ ሰዓት ገደማ የጭነት ባቡር ስለሚያልፍ፣ «ባቡሩ የወንዙን ዳርቻ እየተጫነ ኬብሉን ወጥሮታል» ብዬ ፈረድኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ጠዋት ዶማና አካፋ ይዘን ወረድን። እስከ ደረት ጠልቆ ተቀብሯል የተባለውን ኬብል በስንዝር አገኘነው፤ መወጠር ቀርቶ ልል ብሎ ተኝቷል። ከላዩ ቀድሜ ልብ ያላልኳቸው አመድና ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች ነበሩ። አዴር አካፋውን ለቀቁ።

«ልጄ፣ እሳቱ የእኔ ነው» አሉ።

በየቀትሩ ከሰገዱ በኋላ እዚያ ግራር ሥር ሻይ ያፈላሉ። ሲቀበር ጥልቀቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ጎርፍ አፈሩን በየዓመቱ እየላጠ እንደወሰደው ግን ልብ አላሉም። ሙቀቱ ኬብሉ ጋ እስኪወርድ ሰዓታት ይፈጃል፤ እኔ ጉብታውን ሳይ እሳቸው ከቦታው ሄደዋል።

ጠባቂው ራሱ ኬብሉ ላይ እሳት አነደደ ብዬ ከጻፍኩ አለቀላቸው። «ፀሐይ ነው እንበል፣ እርስዎን ማን ያነሳዎታል?» አልኳቸው።

«ከሰላት ተነስቼ ልዋሽ? በይ ደውይ።»

ደወልኩ። ስልኩን ተቀብለው ሁሉንም ለአለቃዬ ነገሩት፤ እሳቱን፣ አመዱን፣ ሻዩን። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ቀጥለው ረጋ ብለው፣ «ጎርፍ አፈሩን የላጠው ግን እዚህ ብቻ አይደለም፤ አሁን ሳስበው እንደዚህ የሆነ ብዙ ቦታ አለ» አሉት። «እዚያ እሳት ስለማላነድ ማሽንህ አላየውም።»

 ከወዲያ የአለቃዬ ድምፅ፣ «የት የት ነው?» ሲል ሰማሁ።

«በስልክ አይታይም» አሉ አዴር። «ና፣ በእግራችን እየሄድን አሳይሃለሁ።»