አረንጓዴዋ በግ

ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰው አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አንዲት አይሪሽ አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ውስጥ ለጥቂት ጎልማሶች የአገራቸውን ቋንቋ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የትምህርቱን ካርድ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካደረስኩ በኋላ ነውና ከዚያ ሥራ የሚበልጥ ክብር አልነበረኝም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ግላስ» የሚለውን ቅጽል አስጻፉኝ።

«የሣር፣ የቅጠል ነው፤ አረንጓዴ በዪው። ቀለም ለተነከረ ጨርቅ ግን ሌላ ቃል አለን። ከስሙ ኋላ ነው የሚገባው፤ ሣር ግላስ እንጂ ግላስ ሣር አይባልም።»

ጻፍኩ።

«ስሙ እንስት ከሆነ የቅጽሉ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። እንደ በጓ።»

«የትኛዋ በግ፣ ቲቸር?»

«ግላሷ በግ ናታ!»

አረንጓዴ በግ? እርጅና ነው አልኩ በልቤ። ትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይታረምም። «እሺ፣ እሺ» ብዬ በጓን ሳልጽፍ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ አንዱ ተማሪ ካርዱን ጮክ ብሎ አነበበ።

«በጓስ?» አሉ ቲቸር።

«በግ የለም።»

ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት ወጥ ቤት አዞሩ። ትምህርቱን ጨርሰው ተማሪዎቹን ሸኙ። ከዚያ፣

«ጃጅታለች ብለሽ ነው እሺ ያልሽኝ?»

«ደክሞዎት መስሎኝ ነው።»

«ወንድ ልጄም በስልክ እሺ፣ እሺ ይለኛል። ሐኪሙም። ስለ አንዲት ነጥብ እንኳ የምትጨቀጭቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«ነበርሽ» ያሉት ውስጤ ገባ። ካርዶቹን ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው ብዬ ፈራሁ። ይቅርታ ማለቱ እንደገና እሺ ማለት ሆኖ ታየኝ። ወንበር ስቤ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«በጓ ምን ዓይነት አረንጓዴ ናት? አልገባኝም።»

«ሣሩን እንጂ በጓን አረንጓዴ መች አልኩሽ! አመድ ናት። ዝናብ ያዘለ ሰማይ።»

ያኔ የእኛው ዳለቻ ትዝ አለኝ፤ በሬው፣ በቅሎው ዳለቻ ይባላል፣ ዳለቻ ቀሚስ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ስነግራቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«የሰው ዓይንስ ግላስ ይባላል?» አልኩ።

«ይባላል።»

«ድንጋይስ?»

«እሱም።»

«የትኛው ድንጋይ?»

«ጨቅጫቃ ሴትዮ፣ ሻዬ እኮ ቀዘቀዘ!»

ሳጥኑን ግን በእጃቸው ዳብሰው ወደ እኔ ገፉት። አንዱ ካርድ ሞልቶ ነበር፤ ሌላ አወጣሁ።