ጎጃሜው አሰልጣኛችን

የምንደግፈው ክለብ አሰልጣኙን ያሰናበተ ቀን እኔ ሃርልስደን ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ግማሽ ጭንቅላቴ ተስተካክሎ ግማሹ ገና ነው። ክላፋም የሚኖረው ሚኒካብ ነጂ ጓደኛዬ ደወለና ሰላም እንኳን ሳይለኝ፣ «ሰውየውን ሸኙት» አለኝ። ማንን ብዬ አልጠየቅኩትም። ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን ነበር። እንዲያውም የገረመኝ ስምንተኛው ላይ አለመሸኘቱ ነው።

ስለ ክለቡ ትንሽ ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ስማቸው ዓለምን ያዳረሰ ክለቦች አሉ፤ ሐበሻው ሁሉ፣ እዚህ ያለውም አገር ቤት ያለውም፣ የሚጨቃጨቀው በእነሱ ነው። የእኛ ከእነዚያ አይደለም። የእኛ ከታችኞቹ ሊጎች በአንዱ ግርጌ ላይ የሚንጠለጠል፣ የሜዳው አንዱ ጎን ጣሪያ የሌለው፣ ሻዩ ሁልጊዜ የሚፋጅ፣ አጥቂው ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ ክለብ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ያለ እኔም ስድብ ጠግቧል።

እዚያ የወሰዱን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ካምደን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞችን ከክፍል ክፍል ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቅዳሜን ቤት መዋል ስለከበዳቸው ዝም ብለው በእግራቸው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር የአንገት ልብስ ያደረጉ ብዙ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ አዩ። የሰፈር ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው ብለው ተከተሏቸው። በሩ ላይ ቲኬት ሲጠየቁ ትንሽ ግር አላቸው፤ ግን የፈረንጅ ለቅሶ እንዲህ ይሆናል ብለው ገዝተው ገቡ። ያን ቀን ክለቡ አራት ለዜሮ ተሸነፈ። ጋሼ ይህን ባወሩ ቁጥር፣ «ተሳስቼ ነበር ማለት አልችልም» ይላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እኔን ይዘውኝ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ ጓደኛዬን ጎተትኩት። እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ኦፍ እንዲሰጡኝ ሪኩዌስት ሳደርግ ኖሬአለሁ።

አሰልጣኙ በተሸኘ በአምስተኛው ቀን ሦስታችንም እኔ ቤት ተሰብስበን ሳለ አዲሱ ሰው ተሾመ። ዜናውን ያመጣችልን ልጄ ናት። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ካምደን ቢሮ ትሠራለች፤ ኳስ አትወድም፤ እኛ ስንበሳጭ ማየት ግን ትወዳለች። ስልኳን ዘረጋችልን። ፎቶው ላይ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ መልኩ ጠይም የሆነ አርባ ዓመት ገደማ ሰው የክለቡን የአንገት ልብስ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዟል።

ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ይሄ ሰው የኛ ነው» አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ አደረጉ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። «ጎጃሜ ነው» አሉ።

«ለምን ጎጃሜ ይሆናል?» አለ ጓደኛዬ፤ እሱ ያደገው ሐረር ነው። «ዓይኑን አያዩም? ሐረሬ ነው።»

«ዓይን ምን ያደርጋል፤ ግንባሩን እየው።»

እኔ ደግሞ በልቤ ደብረ ብርሃን ያለውን አጎቴን ቁጭ ነው እያልኩ ነበር።

ልጄ ስልኳን ነጠቀቻቸውና ማንበብ ጀመረች። «አባዬ፣ ካርዲፍ ነው የተወለደው። ዌልሽ ነው። ሊተራሊ እዚህ ተጽፏል።»

«የኔ ልጅ» አሏት ጋሼ በእርጋታ፣ «አንቺስ የት ነው የተወለድሽው?»

«ፓዲንግተን።»

«ታዲያ አንቺ ፓዲንግተኔ ነሽ?»

ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ «አዎ፣ ካይንድ ኦፍ» አለች።

«አየሽ» አሉ ጋሼ። ምን እንዳየች ግን አልነገሯትም። ከዚያ ወደ ስሙ ዞሩ። ከአባቱ ስም ከፊት አንድ ፊደል፣ ከኋላ ሁለት ፊደል ሲቀንሱለት ጎጃም ውስጥ የታወቀ ስም ሆኖ ተገኘ። ጓደኛዬም በዚያው መንገድ ሐረር ሊያደርሰው ሞከረ፤ ፊደል አለቀበት። በዚሁ ነገሩ ተዘጋና አዲሱ አሰልጣኛችን ጎጃሜ ሆነ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ጓደኛዬ ግን ሲነዳ አፉ አያርፍም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ክለቡ መኖሩን እንኳን የማያውቁ ሰዎች እጄን እየጨበጡ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ የኛ ልጅ አሰልጣኝ ሆነላችሁ አሉ» ይሉኝ ጀመር። አንዲት እናት ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ ያገባ መሆኑን ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው፣ «እንግዲህ አጣራና ንገረኝ፤ የእህቴ ልጅ አለች» አሉኝ። እኔም አጣርቼ እነግርዎታለሁ አልኩ። ጋሼን ሐሰተኛ ማድረግ አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከቁም ነገር በመቆጠራችን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታው ቅዳሜ በሜዳችን ነበር። ባነር እንሥራለት ተባለ። ባለቤቴን ሳላስፈቅድ ነጭ አንሶላ አወጣሁ፤ የጓሮውን በር የቀባሁበት ጥቁር ቀለም ተርፎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግቼ በትልቁ «እንኳን ደህና መ» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ምን ልትል ነው?»

«መጣህ።»

«አሰልጣኝ እኮ አለቃ ነው። አለቃ አንተ አይባልም። መጡ በል።»

ጓደኛዬ ከሶፋው ተነሣ። «ጋሼ፣ ሰውየው ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። ደግሞ የገዛ ወንድማችንን አንቱ ካልነው ይርቀናል። መጣህ ይባል።»

«መጣህ ብለህ ጽፈህ የአገሩ ሰዎች ቢያዩት ምን ይላሉ? ለንደን ያሉት ስድ ናቸው አይሉም?»

ለማስታረቅ ብዬ፣ «መጣችሁ እንበል፤ ከነረዳቶቹ» አልኩ።

«ረዳቶቹ አልመጡም» አሉ ጋሼ። «ረዳቶቹ እዚያው ነበሩ። ዘጠኙንም ሽንፈት ቁጭ ብለው አይተዋል።»

ልጄ ሻይዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምለው፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም» አለች።

«እናውቃለን የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ። «ችለንሽ ነው።»

ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ባለቤቴ ከገበያ ተመልሳ አንሶላዋን እስክታይ ድረስ ቆየ ብል ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ባነሩንም ቀለሙንም ብሩሹንም ሰብስበን በፍጥነት ወጣን። የቀረውን ፊደል ስታዲየም ስንደርስ እንወስናለን ብለን ነበር። በሩ ላይ የሚፈትሹት ሰዎች ግን ቀለም ማስገባት ክልክል ነው ብለው ቆርቆሮውን ወሰዱት። ከዚያ አንዷ አንሶላውን አስዘርግታ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚለው» አልኳት በእንግሊዝኛ። ውሸት ስለመሰለኝ ደግሞ፣ «ሊል ትንሽ ነው የቀረው» ብዬ ጨመርኩ።

«ምን ቀረው?»

«አክብሮቱ» አሉ ጋሼ በራሳቸው እንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ አየውና ፖለቲካ አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ፣ «በጣም» ሊል ሲል በክርኔ ጎሰምኩት። አስገቡን።

ጨዋታው እንደ ልማዳችን ነበር። ኳሱ ከእኛ ተጫዋቾች ይልቅ ከተመልካቹ ጋር የዋለ ይመስለኛል። ሰማንያኛው ደቂቃ አካባቢ አጥቂያችን የተቃራኒ ቡድን ጎል አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። በዚያው ቅጽበት የእነሱ ተከላካይ ኳሱን ለማራቅ በሙሉ ኃይሉ ሲመታው የእኛ ሰው መቀመጫ ላይ አርፎ ተመልሶ ገባ። አጥቂያችን ቀና ሲል ሰው ሁሉ ሲያቅፈው ምን እንደተፈጠረ አያውቅም ነበር። አንድ ለዜሮ አሸነፍን።

ከኋላችን ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ይቀመጣል። በሰባት ዓመት ውስጥ ከአፉ የሰማነው «ኦ ዲር»፣ ወይ ጉድ እንደ ማለት፣ የሚል ቃል ብቻ ነበር። ያን ቀን ትከሻዬን ነካ አድርጎ ባነሩ እንዴት እንደሚነበብ ጠየቀኝ። ቀስ አድርጌ አነበብኩለት። «ኤንኳን ዴና ሜ» አለ። ደገመው። አጠገቡ ያሉት ያዙት። በሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ ጣሪያ የሌለው ጎን ሁሉ ጃኬቱን እያውለበለበ «ኤንኳን ዴና ሜ» እያለ ይዘፍን ነበር፤ ያን ቀንም አሸነፍን። እኔ በመካከሉ አዲስ ቀለም ገዝቼ ባነሩን ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ ጋሼም በድሉ ደስታ መጣህ ይሁን ብለው ተሸንፈው ነበር። ሽማግሌው እንግሊዛዊ ግን ሲሰማ ፊቱ ተቀያየረ። አንዲት ነጥብ እንዳትጨምርበት አለኝ። ስለዚህ እንዳለ ቀረ፤ ባለቤቴም ሌላ አንሶላ ገዛች።

ከአንድ ወር በኋላ ክለቡ ደጋፊዎችን ከአሰልጣኙ ጋር የሚያገናኝበት ዝግጅት ነበረ። ጋሼ ከረባት አሰሩ። ልጄም ልሳቅ ብላ መጣች። ሻይና ብስኩት ከቀረበበት ጠረጴዛ አጠገብ ሰውየው ሰላም ሊለን ሲመጣ ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና በአማርኛ፣ «እንደምን ሰነበቱ? ለመሆኑ ከየትኛው አውራጃ ነዎት?» አሉት።

ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የት አገር ሰው እንደሆንክ ነው የሚጠይቁህ አልኩት።

«ካርዲፍ» አለ።

«ከካርዲፍ በፊትስ?» አሉ ጋሼ፤ ተረጎምኩ።

ሰውየው ከልቡ አሰበ። «ኒውፖርት ትንሽ ተጫውቻለሁ» አለ።

ጓደኛዬ ትዕግሥቱ አልቆ አባቱን ጠየቀው። አያቱ መርከበኛ እንደነበሩ፣ ከኬፕ ቨርዴ ካርዲፍ ወደብ መጥተው እዚያው አግብተው እንደቀሩ ነገረን። ጥሩ አድርጎ ነው የነገረን፤ አልቸኮለም። ልጄ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን እናት እያሰብኩ ነበር።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይኼ ያለው አገር የት ነው?»

«አፍሪካ ነው ጋሼ። በምዕራብ በኩል፣ ባሕር ውስጥ ያሉ ደሴቶች ናቸው።»

ጋሼ ይህን በአእምሯቸው አመዛዘኑ። «ጎጃምን አልፎ ነዋ» አሉ። «ብዙም አልተሳሳትንም።»

ሰውየው ደግሞ በተራው ጥያቄ ነበረው፤ ሕዝቡ የሚዘፍነው ምን ማለት ነው? እኔ ሁሉንም ነገርኩት። በቋንቋችን ለሰው እንደ አክብሮቱ እንደምንናገር፣ እሱን ምን ያህል ማክበር እንዳለብን ባለመስማማታችን ቃሉ ሳያልቅ እንደቀረ አስረዳሁት። አልሳቀም። እጁን ኪሱ ከትቶ አዳመጠኝና፣ «ሦስት ጨዋታ ነው ያሸነፍኩት። አልቸኩልም» አለ። ጋሼ ይህን ስተረጉምላቸው የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሲለቁት፣ «ጨዋ ሰው ነው፤ የትም ይወለድ» አሉ። ጓደኛዬ ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሰውየው ሴት አያት አልተጠየቀም ይላል።

የዚያ ዓመት መጨረሻ እንደ ተረት አልሆነም። በመጨረሻው ቀን በሜዳችን ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን፤ ከእኛ በታች ያለው ክለብም በሌላ ከተማ ተሸነፈና ከሊጉ ሳንወርድ ተረፍን። ሌላው ሲሸነፍ የሰማነው ከልጄ ነው፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «አባዬ፣ እነሱም ተሸነፉ፣ እነሱም ተሸነፉ» እያለች በሰዎች መካከል እየተጋፋች መጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በኋላ ንፋስ ነው ብላለች። ሽማግሌው እንግሊዛዊ ተንበርክኮ መነሣት አቃተው። ጋሼ በሆስፒታል በለመዱት ብልሃት በብብቱ ይዘው አነሡትና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። እሱም ሚስቱ እንደሞተችበትና ቤት ብቻውን እንደሚኖር ነገራቸው። ጋሼ የእኔም ብለው መለሱለት።

አሁን ሁለቱ የማይለያዩ ሆነዋል። ጨዋታው ሌላ ከተማ ሲሆን በሰውየው ትንሽ መኪና አብረው ይሄዳሉ። ጋሼ እንግሊዝኛውን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው ይላሉ፤ ሰውየውም የጋሼን እንግሊዝኛ ከዚያ በላይ የሚሰማ አይመስለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ወዳለች ከተማ ሄደው ነበር። እኔ ሥራ ስለነበረኝ በጨዋታው ዕረፍት ሰዓት ደወሉልኝ፤ አውቶቡሱን ዴፖ አስገብቼ መውረዴ ነበር። ውጤቱን ጠየቅኳቸው።

«ሁለት ለዜሮ እየተመራን ነው» አሉኝ፤ አፋቸው ሞልቶ ስለነበር ድምፃቸው በደንብ አይሰማም። «ዓሣው ግን በጣም ጥሩ ነው።»