በእማየ ደብዳቤ ላይ ያወጣሁት ሕግ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ የኢሜይል ደብዳቤዎቼን ራሱ እየለየ ሊያስቀምጥልኝ ፈቃድ ጠየቀኝ። ከለከልኩት። ልጄ አይታ ሳቀችብኝ፤ «ይህን ሁሉ ያልተነበበ ደብዳቤ ይዘሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?» አለችኝ። ዝርክርክ ስለሆንኩ ነው ብዬ አለፍኳት። ዝርክርክስ አይደለሁም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ ኪርያት አርዬ በሚባለው የቢሮና የፋብሪካ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ሥራ ያዝኩ። የምንሠራው ፕሮግራም ሰው በኢሜይሉ ላይ ያወጣቸውን የመደርደሪያ ሕጎች ሰብስቦ በአንድ ገጽ ያሳያል፤ ከማን የመጣ፣ ምን ቃል ያለበት ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ። ሰው ሕጉን ያወጣና ይረሳዋላ። የኔ ድርሻ ፕሮግራሙን መፈተን ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከኤን ጋኒም በአውቶቡስ ስሄድ እማየ ፒታ በሚሉት ቂጣ የጠቀለለችልኝ ምስር ወጥ ከቦርሳዬ እየሸተተ ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ማፈሬ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ገና ወታደር ሳለሁ፣ እማየ የወንድሟን ሞት፣ የታናሽ እህቷ ልጅ ከጎንደር በጻፈላት ኢሜይል፣ ከስልኳ ላይ አነበበች። በእኛ ደንብ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎች ማልደው ቤት ድረስ መጥተው ነው። እሷ ግን ብቻዋን፣ ሽንኩርት እየከተፈች አነበበችው። ወድቃ አገኘናት፤ ደም ግፊት ነበረባት። አባየ ሮሽ ሃዓይን ከተማ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲመለስ ጠራኝ።

«ሁለተኛ ሞት በዚህ ስልክ እንዳይገባ አድርጊልኝ። እኔ ከሽማግሌ ጋራ ሁኜ እነግራታለሁ።»

አደረግሁ። የአክስቴ ልጅ ከጎንደር የሚጽፈው ደብዳቤ የሞት ቃል ካለበት፣ እማየ ሳታየው ለብቻው እንዲቀመጥ በኢሜይሏ ላይ ሕግ አወጣሁ። እኔ በየሻባቱ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ልከፍተው ተስማማን። ጎበዝ ነኝ ባይ ነበርኩና የሕመምንም ቃል ጨመርኩበት። አባየ ይህን አላዘዘኝም። ቅንድብ ላስተካክል ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ጥቂት ወር እየከፈትኩ አየሁ፤ ከዚያ ተውኩት፤ ከዚያም ረሳሁት።

ሥራ በጀመርኩበት መኸር እማየ ታናሽ እህቷን ተቀይማ ነበር። አክስቴ ጎንደር ሆና እኛ ወዳለንበት አገር የመምጫ ፈቃድ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። የተቀየመችው የአዲስ ዓመት በዓል ያለ ሰላምታዋ ስላለፈ ነው።

«ታላቋ እኔ ነኝ። እንዴት ነሽ ማለት ያለባት እሷ ናት» አለች እማየ። አባየ ቢለምናትም አልደወለችም።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን አለቃዬ፣ «ያላ፣ በይ እንግዲህ፣ በእውነተኛ ኢሜይል ፈትኚው» አለኝ። የኔ ኢሜይል ምንም ሕግ አልነበረበትም። የእማየን የይለፍ ቃል ስለማውቅ የሷን ከፈትኩ። የሱቅ ማስታወቂያ ከሚለየው ሕግ ሥር የኔ ሕግ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ የያዛቸው ደብዳቤዎች ብዛት ተጽፏል፦ ሦስት።

አንደኛው አክስቴ ታማ ሆስፒታል መግባቷን ይናገራል። የጎረቤት ስልክ ቁጥር ሰጥቶ፣ «እትየ፣ ድምፅዎን ያሰሙልን» ይላል። ሁለተኛው፣ «እህቴ ደወለች ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች» ይላል። ሦስተኛውን ስከፍት አክስቴ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ አባየን ጠብቄ፣ ዝናቡ እየወረደብን ነገርኩት። «የሕመሙን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።  «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች መጡ። እማየ የሐዘኑን ሰባት ቀን ተቀምጣ እንደተነሳች ለእህቷ ልጅ ደወለች። ስልኩን ዘግታ ወደ እኛ ዞረች።

«ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ ይላል። የት ገባ?»

«እኔ ነኝ ያስደበቅሁት» አለ አባየ። «ሕመሟንም፣ ሞቷንም።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ እማየ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ከሱ ጋር ግን ከአንድ ትሪ አልበላችም። አባየ እስኪሞት አራት ዓመት ብቻውን በላ።

አሁን ብነግራት ያለቻትን አንዲት ልጅ መንጠቅ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ዘንድሮም ለአባየ መታሰቢያ መቃብሩ ጋ ቆመን፣ እማየ እንደ ልማዷ፣ «እህቴን ድምፄን ነፈጋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አለች።

እኔም እንደ ልማዴ አሜን አልኩ።