በጎረቤቴ ላይ የደገምኩት ዳዊት

ኩራቴን አልደብቅም፤ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ልብስ ከምንሸጥ ሴቶች መካከል ዳዊትን በግዕዝ የምደግም እኔ ብቻ ነኝ። ያስተማረኝ የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ሙቀቱ ሳይበረታና ደንበኛ ሳይመጣ፣ ድምፄን ለቀቅ አድርጌ እደግማለሁ።

ከሙስሊም ጎረቤቴ ሱቅ የሚለየኝ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። አምና ግን ለልጇ ሰርግ ልብስ ልትገዛ ከመልካ ጀብዱ የመጣች የድሮ ደንበኛዬን ከበሬ ላይ ጠርታ ሸጠችላት። ደሜ ፈላ። ሰላምታ ነሳኋት። እሱም አልበቃኝም፤ ጠላት የሚረገምበትን መዝሙር እየመረጥኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በየጠዋቱ ደገምኩባት። ግዕዝ ስለማታውቅ ትንሽ እንኳን አልተሳቀቅኩም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ልጄ፣ አርባ ቀን ‹ነፍሴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ባርኪ› የሚለውን የምስጋና መዝሙር ብቻ ድገሚ። በየመስመሩ የተደረገልሽን አንድ ነገር ጥሪ" አሉኝ። ይኼማ ምን አላት አልኩ በልቤ።

መዝሙሩን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለማን እንደሚናገር ግን ልብ ብዬ አላውቅም። መዝሙረኛው የሚያዘው የገዛ ነፍሱን ነው፤ እንድታመሰግን፣ ውለታ እንዳትረሳ። እኔ ዳዊቴን ወደ ሰው ሳነጣጥር ከርሜያለሁ። አፈርኩ።

የልጆቼን ጤና ጠራሁ። አባቴን ጠራሁ። ከዚያ የመጨረሻ ልጄን በኦፕራሲዮን የወለድኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሱቄን የከፈተችው ማን ነበረች? እሷ፤ ከራሷ በር ወደ እኔ በር እየተሯሯጠች። ዘለልኳት። በማግስቱም ዘለልኳት። በሦስተኛው ቀን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ፤ መጽሐፉን አጥፌ አለቀስኩ።

ገበያው ለምሳ ሲዘጋጋ ወደ ሱቋ ገባሁ። ይቅርታ ከእኔ አፍ በቀላሉ እንደማይወጣ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል።

"ይቅር በይኝ። ጠዋት ጠዋት የምደግመው እርግማን ነበር፤ ባንቺ ላይ" አልኳት።

የምታጣጥፈውን ሻሽ አስቀመጠች። "አቦ፣ እኔም አጥፍቻለሁ እኮ። ደንበኛሽ መሆኗን እያወቅኩ ነው የጠራኋት። ግን ወላሂ፣ ጸሎትሽን በሰማሁ ቁጥር ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አሚን ስል ነበር የከረምኩት። ተኳርፈንም ቢሆን ዱዓ ዱዓ ነው ብዬ።"

እርግማኔን ሁሉ በአሚን ስትቀበለው ኖራለች።

ዛሬም ኩራቴ እንዳለ ነው። በግዕዜ እኮራለሁ፤ ያን ቀን በእግሬ ሄጄ ይቅርታ በመጠየቄ ደግሞ ይበልጥ እኮራለሁ። ጠዋት የምስጋናውን ስጀምር አሁንም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ አሚኗን ሳልሰማ ወደሚቀጥለው መስመር አላልፍም።