የግራሩ ጀሪካን

ደምሰው ከጂንካ ቱርሚ እህልና ጨው ሲያመላልስ ጎልማሳነቱን የጨረሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቁጡ ነው ይሉታል። ይቆጣ እንጂ! በዚያ መንገድ ላይ የሚያስቆጣ ነገር መች ጠፋ? በውሃ ነገርማ ቀልድ አያውቅም፤ ትርፍ ውሃ ሳይጭን ከጂንካ ንቅንቅ አይልም።

የመንገዱ ሹፌሮችም ደንብ ነበራቸው። ቱርሚ ሳይደረስ፣ ወንዝም መንደርም በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከሥሩ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይቀመጣል። መኪና የተበላሸበት ይጠጣል፤ ቀጥሎ የሚያልፈው ሹፌር ይሞላል። ያልተቸገረ አይነካውም። የአካባቢው ከብት አርቢ ሁሉ ያውቃል፤ በአጠገቡ ያልፋል፣ እጁን አያሳርፍበትም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ የበጋ ቀን ደምሰው ወደ ቱርሚ ሲወርድ ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሳፍሯል። አንዱ ላንድሮቨሩ ጋራዥ የገባበት፣ ጓድ ንጉሤ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ሌላዋ ብዙወርቅ ናት፤ ባሏ ቱርሚ ያስተምራል፣ የወራት ልጇን ታቅፋለች። መንገድ ላይ ራዲያተሩ ያፈስ ጀመር። ደምሰው የጫነውን ውሃ እየጨመረ፣ ብቻ ግራሩ ጋ እንድረስ እያለ ነዳ። የቀረው የኮዳው ውሃ ብቻ ነበር። ደረሱ። ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ገልብጦ አራገፈው፤ ጠብታ የለም። ማነው ይህን ያደረገው ብሎ ሲደነፋ፣ ጓድ ንጉሤ ከጋቢናው ሳይወርድ ነገሩን ተናገረ። ከትናንት በስቲያ እንግዶች ይዞ ሲመጣ ላንድሮቨሩ አቧራ ለብሶ እንዳያሳፍረው በዚያ ውሃ አሳጥቦታል። ባለቤት የሌለው መስሎት ነው አሉ! እስቲ አሁን በረሃ መሀል ተሞልቶ የተቀመጠ ውሃ ባለቤት የለውም ይባላል? የተጠማ ሁሉ አይደለም እንዴ ባለቤቱ?

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ ዝም አለ፤ ደምሰውን ያስፈራው ዝምታው ነው። ኮዳውን አውጥቶ፣ እየጠጣሽ አጥቢው ብሎ ለብዙወርቅ ሰጣት። ንጉሤም እጁን ዘረጋ።

«ጓድ፣ የእርስዎን ድርሻ ላንድሮቨሩ ጠጥቶታል» አለው ደምሰው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌላ መኪና ደርሶ አወጣቸው። ሕፃኑ ለጥቂት ተረፈ።

ታዲያ ጓድ ንጉሤ ጂንካ ሲመለስ አፈረ? ምን በወጣው! ስብሰባ ጠራ። የሕዝብ ንብረት እንዳይባክን ተባለና ጀሪካኑ ከግራሩ ጋር በሰንሰለት ታሰረ፤ ክዳኑም በጓጉንቸር ተቆለፈ። ቁልፉ የት ተቀመጠ? ጂንካ፣ በንጉሤ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ። ጉድ እኮ ነው!

ደምሰው ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ወደ ቱርሚ በወረደበት ቀን ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበረው። አሰሩት። በማን ፈቃድ ሰበርክ ሲሉት፣ «የተጠማ ሰው ቁልፍ ለማምጣት ጂንካ ድረስ በእግሩ ይሂድ?» ብሎ ጠየቃቸው።

የተፈታ ዕለት ብዙወርቅ ልጇን አዝላ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኛት። ልጁ ወፍሯል። እግሯ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን ተቀምጧል።

«ጋሼ ደምሰው፣ ይቺን ግራሩ ሥር ያድርሱልኝ» አለችው። «ቁልፍ የላትም።»