ታምራትን የዳኘሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በምትወጣ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ከቦርሳዋ ኪዩብ አውጥታ ማዞር ጀመረች። ያ ስድስት ቀለም ያለው፣ ከተዘበራረቀ በኋላ እያንዳንዱ ፊቱ አንድ ቀለም እስኪሆን የሚስተካከለው መጫወቻ ነው። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ታቃስታለች፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን ከታች ከተዘረጋው ሐይቅ ሳትነቅል ጣቶቿ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። ሴቻ ሳንደርስ ጨርሳ መልሳ ከተተችው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ የላብራቶሪ ጋዋኗን በፌስታል አንጠልጥላ ሥራ የምትገባ ሴት «እኔም ድሮ እችል ነበር» ብትላት ምን ይጠቅማታል? ቢሆንም ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ታምራትን ሳስብ ዋልኩ።

አባቴ ሲቀላ ገበያው አጠገብ የቤት ዕቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር። የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ ከአዲስ አበባ በመጣለት ጭነት ውስጥ ከባልዲና ከሳህን ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ ኪዩብ ተቀላቅሎ መጣ። አባቴ ምንነቱን ስላላወቀው መደርደሪያው ጥግ ላይ አስቀምጦ ረሳው። አንዱን አንስቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። ክፍላችን ውስጥ እየተቀባበሉ ሁሉም ሞከሩት፤ አበላሽተው መለሱልኝ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ታምራት ብቻ «እስከ ነገ ላቆየው?» አለኝ። በማግስቱ አልጨረሰውም። በሳምንቱ ግን አስተካክሎ አመጣልኝ።

ታምራት የገረሴ ልጅ ነው። ለመሰናዶ ትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቅዳሜ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ድንች፣ የገብስ ቆሎ፣ እናቱ ከቃሪያ የፈጨችው ዳጣ። ሰኞ ዕለት ልብሱ ውስጥ የደጋው ብርድና የእንጨት ጭስ ሽታ ይኖር ነበር። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ጋሞኛ ስለሆነ አማርኛው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሲደነግጥ ሴቱንና ወንዱን ይቀላቅላል፤ እኛም እንስቅበታለን፤ እሱም አብሮን ይስቃል።

ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየ የአዟዟሩን ቀመሮች አጠናቸው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለነበር አንዷን ቪዲዮ ለማየት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንዴ ያያትን የማይረሳት። ከዚያ እኔን አስተማረኝ። የአባቴ ኪዩብ ደረቅ ነበር፤ ሲዞር ይንቋቋል። ሱቃችን ፊት ለፊት ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምነን ጠብ ስናደርግበት ለሰለሰ። ከትምህርት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በስልክ ሰዓት እየያዝን እንፎካከር ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። አባቴ ከውስጥ ሆኖ «ረምላ፣ ጣትሽ አያልቅም እንዴ?» ይለኛል፤ ታምራትን ግን ይወደው ነበር፤ የኪሎ ሚዛን ሲበላሽበት የሚጠራው እሱን ነው።

የመጨረሻው ዓመታችን ላይ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ሴቻ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የኪዩብ ውድድር እንደሚደረግ ሰማን። አዘጋጆቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ከሀዋሳም ከወላይታ ሶዶም ተወዳዳሪ መጣ። ለፍጻሜ የሚያልፉት ጥቂቶች በኋላ አዲስ አበባ በሚካሄደው ትልቁ ውድድር ላይ ይጋበዛሉ ተባለ። ታምራት አዲስ አበባን አይቶ አያውቅም። ለአባቱ «በክረምት አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ብሎ ነግሮት መጣ። «አባትህ ምን አለህ?» ብለው፣ «በምን ጉዳይ ብሎ ጠየቀኝ፤ በመጫወቻ ስለው ወደ ሥራው ተመለሰ» አለኝ።

ዕለቱ ሞቃት ነበር። የማንጎ ወቅት ስለሆነ ከጫኖ የመጡ ሴቶች አዳራሹ በር ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር፤ ውስጡ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ሁለት እጅ ሲያርፍባቸው የሚቆሙ ሰዓቶች ተደርድረዋል። እኔና ታምራት እንዲህ ያለ ሰዓት ያየነው በቪዲዮ ብቻ ነበር። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሠለጠነ ዳኛ ስላልበቃ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው በየተራ እርስ በርስ ይዳኛሉ። ጠዋት ደንቡን አስረዱን። ከደንቦቹ አንዱ እንዲህ ነበር፤ ተወዳዳሪው ሰዓቱን ሲያቆም አንዱ ረድፍ ሳይገጥም ቢቀር፣ የተዛነፈው ከአንዲት ሩብ ዙር ግማሽ በታች ከሆነ እንደተስተካከለ ይቆጠራል፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል።

እኔ ሙከራዎቼን ቀድሜ ጨረስኩ። ውጤቱ ግድግዳው ላይ ይታያል። ለፍጻሜ ከሚያልፉት የመጨረሻው ቦታ ላይ ታምራት አለ፤ ቀጥሎ እኔ፤ ልዩነታችን ትንሽ ነው። እሱ አንድ ሙከራ ይቀረዋል። እንደወትሮው ከሠራ ያልፋል፤ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይህ አላስከፋኝም ነበር። የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ስሜ ለዳኝነት ተጠርቶ ወደ ጠረጴዛው ስሄድ ተቀምጦ ያገኘሁት ታምራትን ነው።

«ሌላ ዳኛ ልጠይቅልህ?» አልኩት።

«ለምን?»

«ውጤቱን አይተህ የለ? ተከታትለን እኮ ነው ያለነው።»

«አንቺ ብትሆኚ ይሻለኛል» አለ። «የማላውቀው ሰው ሲያየኝ ጣቴ ይሳሳታል።»

ተቀመጥኩ። የተዘበራረቀውን ኪዩብ ከሽፋኑ ገልጬ ሰጠሁት፤ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ ጀመረ። ታምራት ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። ጣቶቹ አልተሳሳቱም። የመጨረሻዋን ዙር አዙሮ ኪዩቡን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና ሁለት እጁን ሰዓቱ ላይ መታ። ጥሩ ጊዜ ነበር። ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

እኔ የማየው ግን ኪዩቡን ነው። ላይኛው ረድፍ አልገጠመም። የመጨረሻዋን ዙር ሳይጨርሳት ለቆታል።

«ታምራት፣ ላይኛው» አልኩት።

እጁን ሊሰድ ሲል «አትንካው» አልኩ።

ጎንበስ ብሎ አየው። ፈገግታው ጠፋ። «ከግማሽ በታች ነው» አለ። «በደንብ እየው እንጂ።» እኔን እንደ ወንድ ሲያናግረኝ ያን ቀን ማናችንም አልሳቅንም።

ዋናውን ዳኛ ጠራሁ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ የአዲስ አበባ ወጣት ነበር። በዚህም በዚያም አጎንብሶ አየ። «በጣም ተቀራራቢ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱ ሲቆም በቅርብ ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

ታምራት አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል። ከግማሽ በታች ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እሱም አዲስ አበባ ይሄዳል። ከግማሽ በላይ ነው ብል ቦታው የእኔ ነው። ሁለቱንም በደንብ አውቄ ነበር፤ አላወቅሁም ማለት አልችልም። ደግሜ አየሁት። በእኔ ዓይን ከግማሽ አልፏል።

«ከግማሽ በላይ ነው» አልኩ።

ዳኛው ሁለት ሰከንድ ጨመረበት። ግድግዳው ላይ የእኔ ስም ወደ ላይ ወጣ፤ የታምራት ወደ ታች ወረደ። እሱ ኪዩቡን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። በሩ አጠገብ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል።

«እኔ ከወጣሁ የምትገባው አንተ ነህ» አልኩት። «ለአዘጋጆቹ እነግራቸዋለሁ።»

«ያየሽውን ነው የተናገርሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ግቢ። አሁን ትተሽ ብትወጪ ዋሽቼ ነበር ያልሽ ነው የሚመስለው። ያኔ እኔም የለመንኩሽ እመስላለሁ።»

«አባትህስ?»

«አባቴ መጀመሪያም አላመነኝም» አለ። ከዚያ የገረሴ መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሎ ቁልቁል ወረደ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዝናብና ጭጋግ ስለሚበዛ መኪኖቹ በጊዜ ነው የሚነሱት።

ፍጻሜው ላይ መጨረሻ ወጣሁ። ክረምት ላይ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ወሰደኝ፤ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበትኩ። ከጉዞው ጎልቶ የማስታውሰው ብርዱን ነው። ታምራት ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ሱቃችንም ይመጣ ነበር፤ አባቴም ያጫውተው ነበር። አግዳሚው ላይ ግን ዳግመኛ አብረን አልተቀመጥንም። ፈተናው ደረሰ፤ የተመደብንበት ዩኒቨርሲቲ ተለያየ፤ እንደ ብዙ ሰው ተጠፋፋን። ማዘን በሚገባኝ ልክ አዝኜ እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚቀጥለውን ነገር ነው የሚያየው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ገረሴ ወጣሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ በጋቢ የተጠቀለለ። አንድ ሰው ከኋላዬ «ረምላ» ብሎ ጠራኝ። ታምራት ነው፤ እዚያው ሒሳብ ያስተምራል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ቤቱ ወስዶ ከባለቤቱ ጋር አስተዋወቀኝ። ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ ቀረበ። ስለ አባቴ ሞት ሰምቶ ስለነበር አጽናናኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ ብልሽት ተጫወትን። ልነሳ ስል ድንገት እንዲህ አለኝ፤

«እኔ ዛሬም ከግማሽ በታች ነበር ነው የምለው።»

«እኔም ከግማሽ በላይ ነበር ነው የምለው» አልኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለና ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ብይ እንጂ፣ ምንም አልበላሽም።»

ባለቤቱ ስለ ምን እንደምንነጋገር አልገባትም፤ ማናችንም አላስረዳናትም።

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ማን ልክ እንደነበረ ይጠይቁኛል። በበኩሌ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ እሱም እንደዚያው። እሱ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው፣ እኔ ከጎን። ወጣት ሳለሁ ከሁለታችን አንዳችን የግድ ዋሽተን መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር፤ ስለዚህም ለብዙ ጊዜ ስሙን ማንሳት አልወድም ነበር። አሁን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሥራ ገረሴ እወጣለሁ፤ በወጣሁ ቁጥር ቤቱ ሳልደርስ አልመለስም።